ሳይፈተል፣ ሳይሸመን

ጥጥ ልብስ እስኪሆን የሚሄድበትን መንገድ አያቶቻችን በጣታቸው ያውቁት ነበር። ጥጡ ይዳመጣል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ ፈትሉ ድርና ማግ ሆኖ ለሸማኔ ይሰጣል። አሁን አንድ ሰው መጥቶ ባዘቶው ላይ ሲደርሱ «በቃ፣ እዚህ ላይ ይቁም» አለ እንበል። እንዝርትም ሸማኔም አያስፈልግም። ባዘቶውን በስሱ ዘርግታችሁ በሺህ መርፌ ውጉት፣ ወይም በጋለ ብረት ተጫኑት፣ ወይም በሙጫ አጣብቁት፣ ወይም በኃይለኛ የውሃ ፍንጣቂ እርስ በርሱ አጠላልፉት። የሚወጣው ነገር እንደ ጨርቅ ይቆረጣል፣ እንደ ጨርቅ ይሰፋል። ድርና ማግ ግን የለውም። በኢንዱስትሪው ቋንቋ ያልተሸመነ ጨርቅ የሚባለው ይኸው ነው።

ስሙ እንግዳ ቢመስልም ዕቃው ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ ማስክ፣ ሐኪም ቀዶ ጥገና ሲገባ የሚደርበው ጋወን፤ ሶፋ ስንገለብጥ ከሥሩ የምናየው ጥቁር ስስ ጨርቅ፤ ልብስ ሰፊ ኮሌታ ውስጥ ከትቶ በካውያ የሚያጣብቀው፤ ለባዛር ሰሞን ወለል ላይ የሚነጠፈው ርካሽ ሞኬት። ከሁሉም ይልቅ ዓይን ውስጥ የሚገባው ደግሞ የሱቁ ስም ታትሞበት በእጀታው አንጠልጥለን የምንወጣው የጨርቅ ከረጢት ነው። ከረጢቱን ወደ ብርሃን አቅርቦ ያየው ሰው በላዩ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች ያገኛል፤ ክሮቹ በሙቀት ቀልጠው የተያያዙባቸው ቦታዎች ናቸው። ጫፉን በክብሪት ቢነኩት እንደ ጥጥ አመድ አይሆንም፤ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል። ሲዳሰስ ጨርቅ፣ በእሳት ሲፈተን ፕላስቲክ። ኢንዱስትሪውን ያሳደገው ይህ ሁለት መልኩ ነው፤ አሁን የገባበትን ጣጣ ያመጣውም እሱው።

የፋብሪካው ታሪክ የሚነሳው ከቆዳ ነው። በጀርመን ዋይንሃይም ከተማ ቆዳ በማልፋት የከበረው ፍሮይደንበርግ በ1930ዎቹ (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጥሬ ቆዳ ሲያጥረው ቆዳ መሳይ ነገር ከቃጫ ለመሥራት ተነሳ። ካርል ኖተቦም የተባለ ባለሙያ በ1936 የያዘው ሥራ ቆዳ ሳይሆን ቀረ። ለቆዳው መደብ እንዲሆን የተዘጋጀው ስስ ንጣፍ ግን ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948፣ የኮትና የኮሌታ ማጠንከሪያ ሆኖ ገበያ አገኘ። ከዚያው ቤት የወጣው የወለል መወልወያ «ቪሌዳ» ይባላል፤ ስሙ በጀርመንኛ «እንደ ቆዳ» ከሚለው አነጋገር የተወሰደ ነው። ያልተሳካው ምኞት በመወልወያው ስም ላይ ቀረ።

በአሜሪካም ነገሩ የተጀመረው ባልታሰበ መንገድ ነው። በ1955 ጂም ዋይት የሚባል የዱፖንት ኬሚካል ኩባንያ ተመራማሪ በቤተ ሙከራው ከአንድ ቱቦ አመልማሎ የመሰለ ነጭ ነገር ሲተፋ አየ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ ያ አመልማሎ ታይቬክ በሚል ስም ለገበያ ቀረበ፤ ዛሬ ፖስታ፣ የቤት ግድግዳ ሽፋንና የኬሚካል መከላከያ ቱታ የሚሠራበት ነው። በዚያው ዘመን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ለውጥ መጣ። የፕላስቲክ ፍሬ ይቀልጣል፤ እንደ ወንፊት በተበሳ ብረት ተገፍቶ በሺዎች የሚቆጠር ቀጭን ክር ሆኖ ይወርዳል፤ በሚሮጥ ምንጣፍ ላይ ይነጠፋል፤ እዚያው በጋሉ ብረቶች መካከል ያልፋል፤ በሌላው ጫፍ የተጠቀለለ ጨርቅ ሆኖ ይወጣል። ባዘቶ እንኳ የለም። ይህ ማሽን ሸማኔውን ብቻ አይደለም ከመንገዱ ያስወጣው፤ ፈታይዋንም የጥጥ ገበሬውንም ነው። በገበሬው ቦታ የገባው የነዳጅ ማጣሪያ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ጨርቅ ዋነኛ ጥሬ ዕቃ ፖሊፕሮፒሊን የሚገኘው ከነዳጅና ከጋዝ ነውና።

የገበያው ጠባይ ሁሉ ከዚህ ጥሬ ዕቃ ይመነጫል። የጨርቁ ዋጋ የፕላስቲኩ ፍሬ ዋጋ፣ የመብራትና የማሽን ድምር ሲሆን ዋና ገዢዎቹ ደግሞ ጥቂት ግዙፍ የዳይፐርና የመጥረጊያ ኩባንያዎች ናቸው። ነዳጅ ሲወደድ ሻጩ ይታመማል፤ ነዳጅ ሲረክስ ገዢው ቅናሽ ይጠይቃል። ትርፉ ቀጭን ስለሆነ የሚያዋጣው ብዛት ነው። በአውሮፓ የኢንዱስትሪው ማኅበር ኤዳና በመዘገበው መሠረት የአህጉሩ ምርት በ2020 ከ3 ሚሊዮን ቶን አለፈ፤ ከዚያ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የንጽሕና ዕቃ ነው፤ ማለትም አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት።

2020ን በቁጥር ብቻ ማለፍ ግን አይቻልም። ማስክ ሦስት ንጣፍ አለው፤ የውጪና የውስጡ ቅርጽ ይሰጣሉ፣ ሥራውን የሚሠራው መካከለኛው ነው። ያ መካከለኛ ንጣፍ የሚሠራበትን ዘዴ መጀመሪያ ያሰቡት በ1950ዎቹ የአሜሪካ የባሕር ኃይል ምርምር ቤተ ሙከራ ሰዎች ናቸው። የፈለጉት ማስክ አልነበረም፤ ከኑክሌር ሙከራ በኋላ በሰማይ የሚንሳፈፈውን ጨረር ያዘለ ብናኝ የሚያጠምድ ወንፊት ነበር። የቀለጠው ፕላስቲክ በጋለ የአየር ግፊት ሲነፋ ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ክር ይሆናል። ትውልዱ ታይዋን የሆነው ፒተር ሳይ በቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ ሳለ በ1990ዎቹ ይህን ንጣፍ በኤሌክትሪክ የሚሞላበትን ዘዴ አዳበረ፤ ብናኝ በቀዳዳ ማለፍ ሲገባው በኤሌክትሪኩ ተስቦ ይለጠፋል። በኮሮና ሰሞን ማስካችንን በሳሙና አጥበን ገመድ ላይ ስናሰጣ ያጠብነው ይህንኑ ኤሌክትሪክ ነበር። ማስኩ ንጹሕ ሆኖ ይደርቃል፤ የማጥመድ ኃይሉ ግን ከሳሙናው ጋር ይሄዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2020 ለበሽታው ብቻ በየወሩ 89 ሚሊዮን የሕክምና ማስክ እንደሚያስፈልግ ገለጸ። የቻይናዋ ሁቤይ ግዛት፣ ወረርሽኙ የተነሳባት፣ በአጋጣሚ ራሷ የዚህ ኢንዱስትሪ ማዕከል ነበረች፤ ስያንታኦ ከተማ አጠገብ ያለችው ፔንግቻንግ ኑሮዋ ያልተሸመነ ጨርቅ ነው። የመካከለኛው ንጣፍ ዋጋ ሽቅብ ሲወጣ በጂያንግሱ ግዛት ያንግዦንግ በምትባል ትንሽ ከተማ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሌላ ሥራቸውን ጥለው ገቡበት። ለሌላ ዕቃ የተሠራ ማቅለጫ በየጓዳው ተተክሎ ወንፊትነቱ ያልተፈተነ ጨርቅ ይተፋ ጀመር። በሚያዝያ አጋማሽ የከተማዋ አስተዳደር ሁሉንም አንድ ላይ አስቆማቸው። የኢንዱስትሪውን ጠባይ ከዚያ ሰሞን አብልጦ የሚያሳይ አጋጣሚ አላየሁም፤ ፕላስቲክ ማቅለጥ ለሚችል ሁሉ መግባት ቀላል ነው፣ በጥራት መቆየት ግን ከባድ።

ከድግሱ በኋላ የቀረው ዕዳ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት በየአገሩ የተተከለው ማሽን ማስክ ሲጣል ሥራ ፈታ፤ ዋጋ ወረደ፣ ፋብሪካዎች ተዘጉ፣ ኩባንያዎች ተዋሃዱ። በ1864 በወረቀት ሥራ የተመሠረተው የአሜሪካው ግላትፌልተር ከቤሪ ግሎባል ያልተሸመነ ጨርቅ ክፍል ጋር በኅዳር 2024 ተዋህዶ ማግኔራ የሚል አዲስ ስም ወጣለት። ትልልቆቹ ሲጨነቁ የሚያደርጉት ይህንን ነው፤ ከሁለት ቀጭን ትርፍ አንድ ወፍራም ለማውጣት ይሞክራሉ።

ከማስኩ ግርግር በታች የሚሄደው ዝምተኛው ለውጥ ግን የልደት ነው። ዳይፐር ሕፃን ይፈልጋል፤ ሕፃን ደግሞ በምሥራቅ እስያ እየጠፋ ነው። በቻይና በ2016 ከ17 ሚሊዮን በላይ የነበረው የዓመት ልደት በ2023 ወደ 9 ሚሊዮን ወረደ። የጃፓኑ ኦጂ በመጋቢት 2024 ለአገሩ ገበያ የሕፃን ዳይፐር ማምረት እንደሚያቆምና ፊቱን ወደ አረጋውያን ዳይፐር እንደሚያዞር አስታወቀ። ጡረተኛ በሚበዛበት አገር ይህ ሒሳብ እንጂ ጭካኔ አይደለም። የሕፃኑን ገበያ የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ወደ አፍሪካ ያማትራል፤ የቤልጅየሙ ኦንቴክስ በ2017 በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የዳይፐር ፋብሪካ ሲከፍት ያየው ይህንን ነበር። ፋብሪካ እዚህ ይተከል እንጂ የፕላስቲኩ ፍሬም ሽንት መጣጩ ዱቄትም በዶላር ነው የሚገባው፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዳይፐር ዋጋ ለምን እንደሚሮጥ የጠየቀች እናት መልሱ እዚያ ላይ አለ።

እስካሁን ስለ ገበያው ነበር። ዘላቂነት የሚባለው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉም ቦታ በፊት ከረጢቱ ላይ ይጀምር፤ እኛን በቀጥታ የሚነካን እሱ ነውና።

ኢትዮጵያ ከ0.03 ሚሊሜትር ያልበለጠ ውፍረት ያለውን ፌስታል በአዋጅ 513/1999 ዓ.ም. ከገበያ ከልክላ ነበር። ክልከላው ወረቀት ላይ ቀርቶ ፌስታሉ በየቦዩ፣ በየአጥሩ፣ በየከብቱ ሆድ ውስጥ ቆየ። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ግን ነገሩ ጠበቅ ብሏል፤ ፌስታል ይዞ የተገኘ ግለሰብ እንኳ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። ፌስታሉ የሚለቀው ቦታ ባዶ አይቀርም። ማን እንደሚገባበት ለማወቅ ጎረቤት ማየት ይበቃል።

ኬንያ በነሐሴ 2017 በዓለም ከጠበቁት ክልከላዎች አንዱን አወጣች፤ ቅጣቱ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ አራት ዓመት እስራት ይደርስ ነበር። ያልተሸመነው ከረጢት ወዲያው ቦታውን ያዘ። መጀመሪያ ወፍራም ነበር፤ ውድድሩ ሲጠና እየሳሳ ሄደ፣ በመጨረሻም አንድ ገበያ ሄዶ የሚቀደድ ሆነ። የአገሪቱ የአካባቢ ባለሥልጣን ኔማ ይህንኑ ምክንያት አድርጎ ከመጋቢት 2019 መጨረሻ ጀምሮ ያልተሸመነውንም አግዳለሁ አለ፤ አምራቾች ተቃወሙ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሕንድ ሌላ መንገድ መረጠች። ከመስከረም 2021 መጨረሻ ጀምሮ ያልተሸመነ ከረጢት በካሬ ሜትር ከ60 ግራም እንዳያንስ ደነገገች።

እኔ ከሁለቱ የሕንድን እመርጣለሁ፤ ሚዛን የሚለካ ነገር ነው፣ «ጥራት የለውም» የሚለው ክርክር ግን አያልቅም። ሆኖም 60 ግራም ራሱ ከረጢቱን ደግመን ደጋግመን እንድንይዘው አያስገድደንም። የእንግሊዝ የአካባቢ ኤጀንሲ በ2011 ያሳተመው ጥናት የየከረጢቱን ዕድሜ ከጥሬ ዕቃው እስከ ቆሻሻ መጣያው ተከትሎ ይህን አገኘ፦ በአየር ንብረት ጉዳቱ አንዴ ተይዞ ከሚጣል ቀጭን ፌስታል እንዲሻል ያልተሸመነው ከረጢት ቢያንስ 11 ጊዜ ሥራ ላይ መዋል አለበት። የጥጡ ደግሞ 131 ጊዜ። ፌስታሉን ሰው ሁሉ መልሶ የቆሻሻ ማኖሪያ ካደረገው ቁጥሮቹ ወደ 26 እና 327 ያድጋሉ። ፌስታል አጥቦ የሚያሰጣ፣ ችግኝ የሚያፈላበት፣ በዝናብ ጫማ የሚጠቀልልበት ሕዝብ ዘንድ ይህ ቁጥር ቀልድ አይደለም።

11 ጊዜ ቀላል ይመስላል። እንግዲህ ከበር ጀርባ የተሰቀሉትን እንቁጠር። በየሰርጉ፣ በየምረቃው፣ በየስብሰባው የሚታደለው ከረጢት አንዱ ሌላውን ሳያስጨርስ ይደራረባል። እኔ ቤት አንዱን መስኮት አጠገብ ሽንኩርት ይዞ ትቼው ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሳነሳው በእጄ ላይ እንደ ደረቀ ቅጠል ተፈረካከሰ፣ ሽንኩርቱ ወለል ላይ፣ ነጭ ብናኙ ልብሴ ላይ። ፖሊፕሮፒሊን መከላከያ ካልተጨመረበት ፀሐይ አይችልም፤ የኛ ደጋ ፀሐይ ደግሞ አይምርም። ተፈረካከሰ ማለት ግን ጠፋ ማለት አይደለም። ያው ፕላስቲክ ነው፣ ለመልቀም የማይመች ሆኖ።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ጤፍና በርበሬ የሚጫንበት ማዳበሪያ የምንለው ጆንያም የዚያው የፖሊፕሮፒሊን ልጅ ነው። ልዩነቱ ማዳበሪያው ድርና ማግ ያለው መሆኑ ነው፤ በስስ ቁራጭ ክር ተሸምኗል። ሲቀደድ ይሰፋል፣ ሲያረጅ ይሸጣል፣ ከአንዱ እህል ወደ ሌላው፣ ከዚያ ወደ አሸዋ፣ ከዚያ ወደ አጥር፣ ከዚያ ወደ ከሰል ይሻገራል። መርካቶ ዋጋ አለው። ያልተሸመነው ወንድሙ ግን ነጥብ በነጥብ የተያያዘ ስለሆነ አንድ ቦታ ሲላቀቅ ክሩ እየተጎተተ ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ መርፌም አይዘው። በኬሚስትሪው አንድ የሆኑትን ሁለት ዕቃዎች አንዱን ሀብት ሌላውን ቆሻሻ ያደረጋቸው አሠራራቸው ነው። «ፕላስቲክ ነው አይደለም» በሚለው ክርክር ላይ ብቻ የሚያተኩር ሕግ ይህን አያየውም።

መጥረጊያው ላይ ደግሞ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። እርጥብ መጥረጊያ ሶፍት ስለሚመስል ሰው እንደ ሶፍት ሽንት ቤት ይጥለዋል፤ ሶፍት ውሃ ውስጥ ሲሟሟ እሱ ግን አይሟሟም። በመስከረም 2017 በለንደን ኋይትቻፕል መንገድ ሥር የተገኘው የስብና የመጥረጊያ ክምር 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ክብደት ነበረው፤ ሠራተኞች ለሳምንታት ፈልፍለው አወጡት፣ ቁራጩም በከተማዋ ሙዚየም ለትርኢት ቀረበ። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ፕላስቲክ ያለበት እርጥብ መጥረጊያና ሞዴስ ማሸጊያው ላይ ይህንኑ የሚናገር ምልክት እንዲያደርግ ተገደደ። የሱፐርማርኬት ድርጅቱ ቴስኮ በ2022 ፕላስቲክ ያለበትን የሕፃን መጥረጊያ ከእንግሊዝ መደርደሪያዎቹ አወረደ።

ኢንዱስትሪው መልስ አላጣም። ከእንጨት ፐልፕ (ከላመ ቃጫ) የሚሠሩ ቪስኮስና ሊዮሴል የሚባሉ ክሮች በውሃ ፍንጣቂ ሲጠላለፉ ለስላሳ መጥረጊያ ይወጣቸዋል፤ የአውሮፓ ኮሚሽንም በ2021 ባወጣው ማብራሪያ እነዚህን ከፕላስቲክ ጎራ አውጥቷቸዋል። የኦስትሪያው ሌንዚንግ በዚህ መስክ ስሙ የገነነ ነው። እውነተኛ መሻሻል ነው፤ እንጨቱ ከየት ደን እንደተቆረጠ፣ ለቪስኮስ የሚያስፈልገው ኬሚካል የት እንደሚፈስ ሳይጠየቅ ግን አይታለፍም። «የቀርከሃ» እየተባለ የሚሸጠው ለስላሳ ነገር አብዛኛው ከዚሁ ወገን ነው፤ ቀርከሃው በኬሚካል ሟሙቶ እንደገና ክር ሆኗል። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2022 ዎልማርትና ኮልስ የተባሉ ቸርቻሪዎች ሬዮን የሚባለውን ይህንኑ ዓይነት ጨርቅ ቀርከሃ እያሉ ሸጠዋል ብሎ በድምሩ 5.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። በቀርከሃ ሀብታም በሆነች አገር ላለን ሰዎች ይህ ቃል ነገ በየማስታወቂያው መምጣቱ አይቀርም።

ከበቆሎ ስታርች የሚሠራው ፒኤልኤ የሚባል ፕላስቲክም አለ። ይበሰብሳል ይባላል፤ ይበሰብሳልም፣ 60 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ባለው የኢንዱስትሪ ማብላያ ውስጥ። ጓሮ ብትቀብሩት ግን ለረጅም ጊዜ ያው ነው። ቆሻሻው በዓይነት በማይለይበት ከተማ «የሚበሰብስ» የሚል ጽሑፍ መለጠፍ የመጣልን ጸጸት ማቅለል እንጂ ሌላ ሥራ አይሠራም።

ዳይፐር ላይ ሲደርሱ ጽድቅም ኩነኔም ይቀላቀላል። አንድ ሕፃን ሽንቱን እስኪቆጣጠር ከ4,000 እስከ 6,000 ዳይፐር ይጨርሳል ተብሎ ይገመታል። «ታዲያ የድሮው የሽንት ጨርቅ አይሻልም?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። የእንግሊዝ ጥናት በ2008 ሁለቱን ሲያወዳድር ልዩነታቸው ኢምንት ሆኖ ተገኘ፤ ለሁለት ዓመት ተኩል የሚጣለው 550 ኪሎ፣ የሚታጠበው 570 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። የሚታጠበውን ያከበደው ማሽንና የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ነበር። ገመድ ላይ ካሰጡት፣ ማሽኑን ሞልተው ካጠቡት፣ ለቀጣዩ ልጅ ካስተላለፉት በብዙ ይወርዳል። የ2023ቱ ጥናት የሚታጠበው በ25 በመቶ እንደሚሻል አሳይቷል። ገመድና ፀሐይ እኛ ዘንድ ሞልተዋል፤ የጎደለው ውሃ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችን እናት ስለ ካርቦን መውቀስ ድፍረት ነው፤ ጀሪካኑን የምትሸከመው እሷ ናት።

ሁለት ሙከራዎች ግን ቀልቤን ይስቡታል። በጃፓን ካጎሺማ ግዛት ዩኒቻርም የተባለው ዳይፐር አምራች ከሺቡሺ ከተማ ጋር ከ2016 ጀምሮ ያገለገለ ዳይፐር ለይቶ እየሰበሰበ ንጣፉን፣ ፐልፑንና ሽንት መጣጩን ዱቄት ይነጣጥላል፤ በ2024 ከዚያ የተገኘ ፐልፕ ያለበት ዳይፐር ተመልሶ ገበያ ገባ። ይህ የሚሆነው ነዋሪው ለይቶ ሲያወጣ ነው፣ ወጪውም ትንሽ አይደለም። ሁለተኛው ከመቀሌ ነው። ፍሬወይኒ መብራህቱ በማርያም ሰባ ፋብሪካዋ የሚታጠብ የጥጥ ሞዴስ ታመርታለች፤ ሲኤንኤን በ2019 የዓመቱ ጀግና ብሎ መርጧታል። አንዱ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ከዋጋውም ከቆሻሻውም በላይ ትምህርት ቤት የምትቀር ልጅን ታሳቢ ያደረገ መሆኑ ነው ያስወደደው፤ ዘላቂነት የሚለውን ቃል ሳይጠራ ዘላቂ ሆኗል።

ስለ ወቀሳው ይህን ያህል ካልኩ ለኢንዱስትሪው ፍትሕ ልስጥ። የማይበሰብስ መሆኑ ጥቅም የሚሆንበት ቦታ አለ። በመረሬ አፈር ላይ መንገድ ሲሠራ ጠጠሩ በክረምት ወደ ጭቃው ይሰጥማል፤ በመካከል የሚነጠፈው በመርፌ የተወጋ ወፍራም ንጣፍ ውሃውን አሳልፎ አፈርና ጠጠር እንዳይቀላቀሉ ይይዛል። ከፀሐይ ተሸሽጎ ስለሚኖር ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። የሃይላንድ ጠርሙስ ተፈጭቶ፣ ቀልጦ፣ ክር ሆኖ ለዚህ ዓይነቱ ንጣፍ ይሆናል፤ የመኪና ወለል ምንጣፍም ከዚያ ይወጣል። ከአንዴ መጥረጊያ ይልቅ የሠላሳ ዓመት መንገድ ቢሆን የዚያው ፕላስቲክ ዕጣ ፈንታ ምንኛ በተሻለ።

ከእርሻ ወገን ደግሞ አንድ የዝምድና ነገር ላንሳ። የሻይ ከረጢት ስስ ወረቀት ለረጅም ጊዜ የተሠራው በብዛት ከፊሊፒንስ ከሚመጣ አባካ ከሚባል ተክል ቃጫ ነው፤ ቃጫው ውሃ ውስጥ ተበትኖ እንደ ወረቀት ይነጠፋል፣ ይህም ያልተሸመነ ጨርቅ ነው። አባካ የሙዝ ዘመድ ነው። እንሰትም እንዲሁ፤ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ቆጮ ሲፋቅ የሚቀረው የእንሰት ቃጫ በደቡብ ገመድና ምንጣፍ ሆኖ ኖሯል፣ ጥንካሬውን ማንም አይጠራጠርም። ፋብሪካ ግን የሚፈልገው ጥንካሬ ብቻ አይደለም። በየወሩ ያው ርዝመት፣ ያው ንጽሕና፣ ያው መጠን እንዲደርሰው ይፈልጋል፤ ቃጫው ደግሞ ከሺህ ጓሮ በሺህ እጅ ተፍቆ ነው የሚመጣው። ያን ሰብስቦ፣ ደረጃ አውጥቶ፣ ለምትፍቀው ሴት ተገቢውን ዋጋ ከፍሎ ማን ያደርሰዋል? ይህ የቴክኖሎጂ ጥያቄ ከመሆኑ በፊት የማኅበርና የነጋዴ ጥያቄ ነው፤ ቡናው የተፈተነበት ዓይነት።

ባለፈው ቅዳሜ ቆራሌው በሰፈራችን ሲያልፍ ጠርቼው የተጠራቀመውን አወጣሁለት። ሃይላንዱን ቆጠረ፣ የተሰበረውን የፕላስቲክ ወንበር በእጁ መዘነ፣ የድሮ ብረት ድስቱን ተከራከረበት። በመጨረሻ ከበር ጀርባ ያወረድኳቸውን አሥራ አራት ያልተሸመኑ ከረጢቶች ዘረጋሁለት። አንዱን በጣቱ አሸት አደረገና «ይሄ አይሄድም ጋሼ» ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ የገዛውን ሁሉ ሦስት ቦታ በተጠገነው ማዳበሪያ ውስጥ ከተተ፤ ማዳበሪያው የተሰፋው በሌላ ማዳበሪያ ክር ነበር።